ለአንጀት የራሩ እጆች

አማርኛ ርኅራኄን በአንጀት ውስጥ አኑሯል። ያዘነ ሰው «አንጀቴ ተላወሰ» ይላል፤ የሰው ችግር የነካው «አንጀቴን በላው» ይላል፤ መቅጣት ያቃተው ወላጅም «አንጀቴ አልጨክን አለ» ይላል። ይህ ትረካ ግን ስለ ራሱ ስለ አንጀት ነው፤ ሐኪሞች በታመመ አንጀት ላይ መጨከን ትተው መራራትን እንዴት እንደተማሩ ይናገራል። ትምህርቱ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ትንሹ አንጀት በአዋቂ ሰው ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ፣ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ቱቦ ነው። የምንበላው ምግብ ወደ ደማችን የሚገባው በዋናነት በዚህ ቱቦ ግድግዳ በኩል ነው። ቱቦው በበሽታ ሲጠብ የተበላው ማለፍ ይቸግረዋል። ከምግብ በኋላ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ መጣ ሄድ የሚል ቁርጠት ይይዛል፤ ጥበቱ ሲብስ ያስመልሳል። ታማሚው ቀስ በቀስ ምግብ መፍራት ይጀምራል፤ ምግብ ሲፈራም ይከሳል።

የጠበበውን ክፍል ቆርጦ ማውጣትና ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ መስፋት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን የተቆረጠ አንጀት ተመልሶ አይበቅልም፤ አንጀትን ከሚያጠቡት በሽታዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሌላ ቦታ ይመለሳሉ። ዛሬ የቆረጠ ሐኪም ነገም ሊቆርጥ፣ ከነገ ወዲያም ሊቆርጥ ነው። ስንት ጊዜ መቁረጥ ይቻላል? የዚህ ታሪክ ጥያቄ ይህ ነው።

ከፓሪስ እንጀምር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አንጀት ሰፍቶ ሰው ማዳን ብርቅ ነገር ነበር። ስፌቱ ትንሽ ካፈሰሰ የአንጀቱ ቆሻሻ ሆድ ዕቃውን ይመርዛል፤ በሽተኛውም በቀናት ውስጥ ይሞታል። በ1826 ፈረንሳዊው ሐኪም አንትዋን ላምቤር ምሥጢሩ የት እንዳለ አሳዩ። የአንጀት ውስጠኛው ሽፋን እርጥብና ልስልስ ነው፤ ውጫዊው ደግሞ የሚያብለጨልጭ ስስ ገለፈት ነው። የውስጡ ሽፋን ከውስጡ ጋር ቢገጠም አጥብቆ አይያያዝም፤ የውጭው ገለፈት ከውጭው ገለፈት ጋር ሲገናኝ ግን ቶሎ ይጣበቃል፣ ውሎ አድሮም አንድ ይሆናል። ላምቤር የቁስሉን ከንፈሮች ወደ ውስጥ እያጠፉ መስፋትን አስተማሩ። ዛሬም አንጀት የሚሰፋ ሐኪም ሁሉ ስማቸውን ያውቃል።

ስፌቱ ቢገኝም ሆድን ለመክፈት ሁለት ነገሮች ገና ይቀሩ ነበር። በ1846 ቦስተን ውስጥ የኢተር ማደንዘዣ በአደባባይ ታየ። በ1867 ደግሞ በግላስጎው የሠሩት ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከተሕዋስያን መጠበቅ እንደሚቻል ጻፉ። ሕመምና ምርቀዛ ሲታገሡ ሐኪሞች ወደ ሆድ ውስጥ ለመግባት ድፍረት አገኙ።

ከሁሉ ደፋሩ የቪየናው ቴዎዶር ቢልሮት ነበሩ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1881 በካንሰር የተዘጋውን የአንዲት ሴት የጨጓራ ጫፍ ቆርጠው አውጥተው፣ የቀረውን ከአንጀቷ ጋር ሰፉት። ሴትዮዋ ከቀዶ ሕክምናው ተርፋ አራት ወር ያህል ኖረች። ዓለም ተደነቀ፤ የሐኪሞች ትውልድም በሆድ ውስጥ ያለ በሽታ ተቆርጦ ሊወጣ እንደሚችል ተማረ።

ሆኖም ከቢልሮት ረዳቶች አንዱ የነበሩት ያን ሚኩሊች ሌላ መንገድም አገኙ። የጨጓራ መውጫ ሁልጊዜ በካንሰር አይደለም የሚጠበው፤ የዳነ ቁስል ጠባሳ ጨምድዶት ሊሆን ይችላል። ጠባሳ ደግሞ ገዳይ አይደለም፤ ጥፋቱ መንገድ መዝጋቱ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ተቆርጦ ይጣላል? በ1886 በጀርመን ኤርላንገን ከተማ ቫልተር ሃይንከ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በክራኮቭ ሚኩሊች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ወደ አንድ መላ ደረሱ። ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

መላውን አንባቢ በጨርቅ ሊሞክረው ይችላል። መሃሉ ላይ የጠበበ እጅጌ ይውሰድ። ጠባቡን ቦታ በቁመቱ ይቅደደው፤ ቅዳጁም ከጥበቱ ወዲያና ወዲህ አልፎ ሰፊው ጋ ይድረስ። ከዚያ የቅዳጁን ላይኛና ታችኛ ጫፍ ወደ መሃል ያቀራርብ፤ ቀዳዳው ወደ ጎን ይከፈታል። አሁን በአግድም ይስፋው። እጅጌው በጥቂቱ ያጥራል፣ የጠበበው ቦታ ግን ይሰፋል። በቁመት ቀድዶ በአግድም መስፋት፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንዲት ብጣሽ ጨርቅ አልተጣለችም።

በ1902 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ጆን ፊኒ ለረዘመ ጥበት የሚሆን ሌላ ዓይነት ጨመሩ፤ የጠበበውን ክፍል እንደ ፈረስ ጫማ አጥፎ፣ ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን ከፍቶ አንድ ሰፊ ክፍል አድርጎ መስፋት ነው። እንግዲህ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲብት ዕውቀቱ ተሟልቶ ነበር። ይሁንና ከጨጓራ መውጫ አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት ለመውረድ ከ70 ዓመት በላይ ፈጀበት።

ያዘገየው ፍርሃት ነው። የትንሹ አንጀት ጥበት ብዙ ጊዜ የዳነ ጠባሳ ብቻ ሳይሆን ሕያው በሽታ ያለበት ነው። በታመመ ሥጋ ላይ የተሰፋ ስፌት አይይዝም፣ ያፈስሳል ተብሎ ታመነ። በሽታን በሆድ ውስጥ ትቶ መውጣትም እንደ ስንፍና ይቆጠር ነበር።

አንጀትን በማጥበብ ከታወቁት በሽታዎች ቀዳሚው ሳንባ ነቀርሳ ነው። ሮበርት ኮህ ማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን ተሕዋሱን ማግኘታቸውን አስታወቁ። በሽታው ስሙን ከሳንባ ይውሰድ እንጂ በሳንባ አይወሰንም። ታማሚው የራሱን አክታ ሲውጥ፣ ወይም የታመመች ላም ወተት ሳይፈላ ሲጠጣ፣ ተሕዋሱ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሚያወጣው ቁስል ብዙ ጊዜ አንጀቱን እንደ ቀለበት ይዞራል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ይኮማተርና አንጀቱን ልክ የከረጢት አፍ በገመድ እንደሚቋጠር ይቋጥረዋል። የሚያሳዝነውም ይህ ነው፤ የሚያጠብበው ራሱ መዳኑ ነው። አንድ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ቋጠሮ በአንጀቱ ላይ ሦስት አራት ቦታ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው በሽታ ለረጅም ጊዜ ስም አልነበረውም። ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ይመሳሰላል፤ ተሕዋሱ ግን ሲፈለግ አይገኝም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋርሶ ውስጥ አንቶኒ ሌሽኒዮቭስኪ ስለ እንዲህ ዓይነት ታማሚዎች ጻፉ። በ1913 የግላስጎው ሐኪም ኬኔዲ ዳልዜል ዘጠኝ ታማሚዎችን ዘርዝረው፣ አንጀቱ ወፍሮና ደድሮ፣ ሞቶ የገተረ እባብ መሰል ዓሣ እንደሚመስል ገለጹ፤ በከብቶች ላይ ከሚታይ የአንጀት በሽታም ጋር አመሳሰሉት። ከዚያ በ1932 በኒው ዮርክ የማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሐኪሞች በሪል ክሮን፣ ሊየን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር የ14 ታማሚዎችን ታሪክ አሳተሙ። ስማቸው በፊደል ተራ ስለተጻፈ በሽታው «ክሮንስ» ተብሎ ቀረ። ብዙዎቹን ታማሚዎች በቀዶ ሕክምና ያከሙት ሐኪም በርግ ግን ስሜ አይግባበት አሉ፤ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በፊደል ተራ እሳቸው ይቀድሙ ነበር።

ክሮንስ የአንጀትን ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ያስቆጣል። ቁጣው ሲበርድ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳውም ያጠባል። የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች እንደ ካንሰር ቆጥረው ጤነኛ ከሚመስለው ክፍል ሳይቀር አብልጠው ይቆርጡ ነበር። በሽታው ግን ተመልሶ ይመጣ ጀመር፤ ያውም ብዙ ጊዜ በአዲሱ ስፌት አጠገብ። ያን ጊዜ አንዳንዶች ሌላ ዘዴ ያዙ። የታመመውን ሳይነኩ ከበላዩ ያለውን ጤነኛ አንጀት ከትልቁ አንጀት ጋር አገናኝተው፣ ለምግቡ ማለፊያ መንገድ ያበጁለት ነበር።

ይህን ዘዴ ዓለም ሁሉ የሰማው በ1956 ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር የ65 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከዘጠኝ ወር ገደማ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም መትቷቸው ነበር። ጁን 8 ቀን ሆዳቸውን ቆረጣቸው፣ አስመለሳቸው፤ ወደ ዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ተወሰዱ። የትንሹ አንጀታቸው የመጨረሻ ክፍል በክሮንስ ጠቦ ተዘግቶ ነበር። ሐኪሞቹ የደከመ ልብ ያለበትን ሰው፣ ያውም የሀገር መሪ፣ ሆድ ለመክፈት ለሰዓታት ተማከሩ። በማግሥቱ ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ጄኔራል ሊዮናርድ ሂተን የመሩት ቡድን ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሠራ። የጠበበውን አልቆረጡም፤ ማለፊያ ሠሩለት። አይዘንሃወር አገገሙ፤ በኖቬምበርም እንደገና ተመረጡ።

ማለፊያው ፕሬዚዳንቱን አተረፈ፤ ዘላቂ መልስ ግን አልሆነም። ምግብ የማያልፍበት የታመመ አንጀት በሆድ ውስጥ ይቀራል፤ በሽታው እዚያው ይቀጥላል፣ ከዓመታት በኋላ ካንሰር የወጣባቸውም ተገኙ። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ወደ መቁረጡ ተመለሱ። መቁረጡ ደግሞ ሌላ ዓይነት በሽተኛ ፈጠረ። ሦስትና አራት ጊዜ ተቀድዶ የቀረው አንጀት ከ2 ሜትር በታች የሆነ ሰው የበላው አይሆነውም፤ ጠግቦ እየበላ ይራባል። በ1968 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ዱድሪክና ባልደረቦቻቸው ቡችሎችን በደም ሥር በሚገባ ምግብ ብቻ ማሳደግ መቻላቸውን አስታወቁ፤ ዘዴው ለሕፃናትና ለአዋቂዎችም ተረፈ። አንጀታቸው ያለቀ ሰዎች በዚህ ሕይወታቸው ቆየ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ታማሚው ሌሊቱን ከከረጢት ጋር ታስሮ ያድራል፤ ቱቦው ወደ ደሙ ተሕዋስ ሊያስገባበት፣ ውሎ አድሮም ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል።

መልሱ የመጣው የምግብ ከረጢት እንደ ልብ ከማይገኝበት አገር ነው። በሰሜን ሕንድ ቻንዲጋር ከተማ፣ በ1962 በተመሠረተው የሕክምና የምርምር ተቋም፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ካታሪያ በየጊዜው የሳንባ ነቀርሳ ቋጠሮ አንጀታቸውን የዘጋባቸውን ሰዎች ያክሙ ነበር። በሽተኞቹ ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል። ቋጠሮው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፤ በየመሃሉም ጤነኛ አንጀት አለ። ሁሉንም ጠቅልሎ መቁረጥ ጤነኛውንም መጣል ነው፤ አንድ በአንድ መቁረጥ ደግሞ በደከመ ሰው ሆድ ውስጥ ስፌት ማብዛት ነው። ዘመኑ ግን የመድኃኒት ዘመን ነበር። በ1943 በአሜሪካ ስትሬፕቶማይሲን ከተገኘ ወዲህ ተሕዋሱን የሚገድሉ መድኃኒቶች ተከታትለው መጥተዋል። በሽታውን መድኃኒቱ የሚያጠፋው ከሆነ፣ ለሐኪሙ ቢላዋ የቀረው ሥራ መንገዱን መክፈት ብቻ ነው።

ካታሪያና ባልደረቦቻቸው የሃይንከንና የሚኩሊችን አሮጌ መላ ከጨጓራ አውርደው ወደ አንጀት ወሰዱት። ቋጠሮውን በቁመት ቀደዱ፣ በአግድም ሰፉ። ስፌቱ ያዘ። በ1977 በብሪታንያ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ዘገባቸውን አወጡ፤ ለሥራውም «ስትሪክቸርፕላስቲ» የሚል ስም ሰጡት፤ ጥበትን ማስፋት ማለት ነው።

ዘገባው ኦክስፎርድ ደረሰ። እዚያ ኢማኖኤል ሊ የክሮንስ በሽታ አንጀታቸውን ከላይ እስከ ታች ያዳረሰባቸውን ሰዎች ያክሙ ነበር። እነዚህን ሰዎች ቆርጦ ማዳን አይቻልም፤ ሁሉ ታሟልና ሁሉም ይቆረጥ ነበር። ሊ የሕንዶቹን ብልሃት በክሮንስ ላይ ሞከሩት። ይህ ከቻንዲጋሩ የባሰ ድፍረት ይጠይቃል፤ ሳንባ ነቀርሳን የሚያድን መድኃኒት አለ፤ ክሮንስን ከሥሩ የሚነቅል ግን የለም። ስፌቱ የሚያርፈው በታመመ ግድግዳ ላይ ነው፤ በሽታውም እዚያው ይቆያል። ሊና ባልደረባቸው ፓፓዮአኑ በ1982 ያሳተሙት ጽሑፍ ግን መቶ ዓመት የቆየውን ፍርሃት አፈረሰ። የታመመው አንጀት ስፌቱን ያዘ፤ ሰዎቹም መብላት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ተስፋፋ። በበርሚንግሃም ጆን አሌክሳንደር ዊሊያምስ፣ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ደግሞ አውስትራሊያዊው ቪክተር ፋዚዮ ሥራውን አበልጽገው ለተማሪዎቻቸው አወረሱ። አሠራሩም ሥርዓት ያዘ። ሐኪሙ አንጀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ይዳብሳል። ጥበት ከውጭ ሁልጊዜ ስለማይታይ፣ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው የሽንት ቱቦ በአንጀቱ ውስጥ ያስገባል፤ ፊኛውን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነፍቶ ይስባል። ፊኛው የቆመበት ቦታ ሁሉ መስፋት አለበት። እያንዳንዱን ጥበት ሲከፍት፣ ካንሰር ተደብቆ እንዳይቀር ከሚያጠራጥረው ግድግዳ ቅንጣት ወስዶ ለምርመራ ይልካል። አጭሩን በሃይንከና ሚኩሊች መንገድ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያልፈውን በፊኒ መንገድ ይሰፋል። አንጀቱ ከተበሳ፣ መግል ከቋጠረ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ ግን መስፋቱ አይሆንም፤ እዚያ ላይ መቁረጥ ግድ ነው።

በ1996 ሁለት ትላልቅ ነገሮች ታተሙ። የመጀመሪያው የፋዚዮ ቡድን ጥናት ነው። 131 የክሮንስ ታማሚዎች በዕጣ ተለይተው፣ ለአንዳንዶቹ ከበሽታው ዳር 2 ሴንቲ ሜትር፣ ለሌሎቹ 12 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አንጀት አብሮ ተቆረጠላቸው። በሽታው መመለሱ አልቀረም፤ አብልጦ መቁረጡም ከመመለስ አላዳነም። ለአሥርት ዓመታት ለጥንቃቄ ተብሎ የተጣለው አንጀት በከንቱ እንደተጣለ ታወቀ።

ሁለተኛው ከቺካጎ የመጣው የጣሊያናዊው ፋብሪዚዮ ሚኬላሲ ሥራ ነው። ጥበቱ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የዘለቀ እንደሆነ ሃይንከም ፊኒም አይበቁትም። ሚኬላሲ የታመመውን ክፍል ከነደም ሥሩ መሃሉ ላይ ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱን ግማሽ በሌላው ላይ አንሸራትተው ጎን ለጎን አስተኙት፤ የአንዱ ጠባብ ቦታ ከሌላው ሰፊ ቦታ ጋር ፊት ለፊት እንዲገጥም አደረጉ። ከዚያ ሁለቱንም በቁመት ከፍተው አንዱን ከሌላው ሰፉ። የታመመ ረጅም አንጀት፣ ምንም ሳይወጣለት፣ ሰፊ መንገድ ሆነ። ከዚህም የሚደንቀው በኋላ የታየው ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ በዚያ ቦታ የነበረው ቁጣ ይበርድ ጀመር።

በ2007 ተመራማሪዎች እስከዚያ የታተሙትን ዘገባዎች አሰባስበው ቆጠሩ። 1,112 ሰዎች፣ 3,259 የተሰፉ ጥበቶች። በሽታው በተሰፋው ቦታ ላይ ተመልሶ የታየባቸው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከተመለሰ የሚመለሰው በአብዛኛው በሌላ ቦታ ነው። አይያዝም የተባለው ስፌት ከአካባቢው ሁሉ የጸና ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ወዲህ ርኅራኄው ከቢላዋም አልፏል። በ2001 ጃፓናዊው ሂሮኖሪ ያማሞቶ በሁለት ፊኛ እየተሳበ ትንሹ አንጀት ውስጥ የሚዘልቅ መመልከቻ አስተዋወቁ፤ አጫጭር ጥበቶችን ሆድ ሳይከፈት በፊኛ ወጥሮ ማስፋት ተቻለ። የሳንባ ነቀርሳ ጥበትም ቢሆን መድኃኒቱ በጊዜ ከተጀመረ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊከፈት እንደሚችል ታውቋል።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች ተርታ የሚያስቀምጣት አገር ናት። የሆድ ቲቢ በቤታችን አለ፤ መድኃኒቱም በየጤና ጣቢያው በነጻ ይሰጣል። ከምግብ በኋላ በሚመላለስ ቁርጠት የሚከሳ ሰው ሕመሙ ጥበት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት። ሁለቱን በሽታዎች መለየትም የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፤ የክሮንስ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ፣ ሳንባ ነቀርሳ ላለበት ሰው ቢሰጡ በሽታውን ያዛምቱታል። ክሮንስም የፈረንጅ በሽታ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ በሽታው እምብዛም አይታይም ነበር፤ በዚያ አገር ኑሯቸው እየረዘመ ሲሄድ ግን እየጨመረ መምጣቱን ተመራማሪዎች ዘግበዋል።

በቢልሮት ዘመን የቀዶ ሕክምናው መዝገብ የሚያወራው ስለወጣው ነገር ነበር፤ ምን ያህል ተቆረጠ፣ ምን ይመስል ነበር እያለ። ዛሬ ጥንቁቅ ሐኪም ሆዱን ከመዝጋቱ በፊት ሌላ ልኬት ይለካል። በአንጀቱ ላይ ክር ወይም ሜትር ዘርግቶ፣ እጥፋት በእጥፋት እየተከተለ፣ በታማሚው ሆድ ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አንጀት እንደቀረ ቆጥሮ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል። ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ሆድ የሚከፍት ሌላ ሐኪም ይኖራል፤ ያ ቁጥር ለእሱ የተተወ አደራ ነው።